ለፊልም ጽሑፍ ጠንካራ ሎግላይን ስለመጻፍ፦ ረቂቄን ተመልክታችሁ አስተያየት ስጡኝ

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የመጀመሪያውን ረጅም የፊልም ጽሑፌን ጨርሼ የፕሮጀክት ገበያ (ገና ያልተሠሩ ፊልሞች ገንዘብ ሰጪ የሚያፈላልጉበት መድረክ) ወዳለው አንድ የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ለመላክ እየተሰናዳሁ ነው። ማመልከቻው ሲኖፕሲስ (ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሚያጠቃልል ጽሑፍ)፣ የዳይሬክተር ማብራሪያ፣ የበጀት ግምትና ሎግላይን (የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ የሚናገር መግለጫ) ይጠይቃል። ሌላውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር የማይበልጠው ሎግላይን ግን ከሁሉም በላይ አስቸግሮኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው ደሴ ነው፤ ዘመኑም መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚደረገውን ጉዞ ካገደበት ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወጣት ሴቶችን በድብቅ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የምትልክ ደላላ ናት። ታናሽ እህቷ ሳትነግራት በሌላ ደላላ በኩል ወጥታ መንገድ ላይ ትጠፋለች። እስካሁን የጻፍኩት ሎግላይን የሚከተለው ነው፦

«ስለ ስደት አስከፊነት፣ ስለ እህትማማችነት ፍቅርና ሰው ለገንዘብ ሲል ስለሚከፍለው ዋጋ የሚናገር፣ ተመልካችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቡን ሰቅሎ የሚይዝ፣ በኅብረተሰባችን እውነተኛ ችግር ላይ የተመሠረተ አሳዛኝና አስተማሪ ፊልም።»

ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ወደዱት። ታሪኩ ምን ይመስላችኋል ብዬ ስጠይቃቸው ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ታሪክ ነገሩኝ። የት ላይ ላስተካክለው?

ስክሪፕት አንባቢ

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሥራዬ ለፕሮዲዩሰሮችና ለውድድሮች የሚላኩ ጽሑፎችን ማንበብ ነውና ከዚያ ተነሥቼ ልናገር። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገቡት ይልቅ፣ ከእሱ በፊት ለእኛ ለማስረዳት ያህል የጻፏቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እጅግ የተሻለ ሎግላይን ናቸው። ሴቶችን የምትልክ ደላላ፤ እህቷ በሌላ ደላላ እጅ ወጥታ የጠፋችባት። ይህን ሳነብ ወዲያውኑ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ፈለግሁ። ጥቅሱን ሳነብ ግን ለማወቅ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም የቀረበልኝ ታሪኩ ሳይሆን በታሪኩ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። «አሳዛኝ»፣ «አስተማሪ»፣ «ልብ ሰቃይ» የሚሉት ቃላት ፊልሙን አይቶ የወጣ ሰው የሚናገራቸው ናቸው። ጸሐፊው አስቀድሞ ሲናገራቸው አንባቢው ያለማስረጃ እንዲያምን መጠየቅ ይሆናል።

እኔ የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለ። ሎግላይኑን ከእርስዎ ጽሑፍ ነቅለን በስደት ላይ በተጻፈ በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ብንለጥፈው ይስማማል ወይ? የመጀመሪያው ረቂቅዎ በሁሉም ላይ ይስማማል። አንባቢው የሚፈልገው በዚህ ታሪክ ላይ ብቻ የሚገጥመውን ነው፦ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ማን ናት፣ ምን ደረሰባት፣ በዚህ ምክንያት ምን ለማድረግ ተነሣች፣ ማን ወይም ምን ይቃወማታል፣ ካልተሳካላት ምን ታጣለች። አምስቱም በግድ በቃል መነገር የለባቸውም፤ አንዳንዱ ከሌላው ውስጥ ይነበባል። ሆኖም ጸሐፊው አምስቱንም በልቡ ማወቅ ይኖርበታል።

ጥቁር ሰሌዳ

የ«ስክሪፕት አንባቢ»ን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ችግሩ ከየት እንደሚመጣም ልጨምር። ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬአለሁ። ተማሪ አንድ ድርሰት ካነበበ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጭብጡ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። መልሱም «ስለ ፍቅር»፣ «ስለ ክህደት»፣ «ስለ አገር» ይሆናል። ስለዚህ ስናድግ «ፊልምህ ስለ ምንድን ነው?» ስንባል ጭብጡን መጥቀስ መልስ ይመስለናል። ጭብጥ ግን አንባቢው ከድርጊቱ ራሱ የሚያወጣው ነገር ነው፤ ድርጊቱ ካልተነገረው የሚያወጣበት ምንም የለውም።

ሁላችን በምናውቀው ፊልም ላይ እንመልከተው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ከዓለም አቀፍ የድራማ ፊልሞች መካከል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። «ፊልሙ ስለ ጠለፋ ጎጂነት ነው» ብንል አልዋሸንም፤ ነገር ግን ስለ ጠለፋ ከሚጻፍ የጤና ቢሮ በራሪ ወረቀት አልለየነውም። እንዲህ ብንለው ደግሞ፦ «ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ አንዲት ጠበቃ ጠለፋን እንደ ወግ በሚቆጥር ማኅበረሰብ ፊት የልጅቷ ድርጊት ራስን መከላከል መሆኑን ለማሳመን ትሟገታለች።» ስለ ጎጂነቱ አንድም ቃል አልተናገርንም፤ አንባቢው ግን ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ይሰማዋል። ሎግላይኑ የእኔ እንጂ የፊልሙ ባለቤቶች አይደለም፤ መንገዱን ለማሳየት ያህል የጻፍኩት ነው።

ብርሃን ያሲን

ይህ ከታግላይን ጋር እየተምታታ እንዳይሆን እሠጋለሁ። ፖስተር ላይ የሚጻፈው «አንዳንድ መንገድ መመለሻ የለውም» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ታግላይን ነው። እሱ ለተመልካች፣ ሎግላይን ደግሞ ፊልሙን ለሚያሠራ ሰው ነው። በማመልከቻ ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሐይቅ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህሩ ማብራሪያ በተለይ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። በዚህ መሠረት እንደገና ጻፍኩት፦

«እናቷን በሞት አጥታ ታናሽ እህቷን እንደ ልጇ ያሳደገችው፣ ቀን ቀን ሻይ ቤት እየሠራች ማታ ማታ ወጣት ሴቶችን በድብቅ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የምትልከው፣ በሰፈሯ ሰው ሁሉ የምትከበረው ዘሀራ፣ እህቷ ሰሚራ በተቀናቃኝ ደላላ በኩል ከቤት ጠፍታ ከሄደች በኋላ በሚፈጠር ድንገተኛ ሁኔታ ሕይወቷ ይመሰቃቀላል።»

ጥቁር ሰሌዳ

አሁን ታሪክ አለ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የቀረው ጉዳይ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ሊነግሩን አይችሉም።

በአማርኛ ገላጩ ከተገላጩ ይቀድማል፤ ማሰሪያ አንቀጹም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ «ያሳደገችው፣ የምትልከው፣ የምትከበረው» እያልን ስንደረድር አንባቢው ስለ ማን እንደምንናገር ሳያውቅ ሦስት ሸክም ተሸክሞ ይጠብቃል። ሲደርስም የሚያገኘው «ዘሀራ» የሚል፣ ለእሱ ምንም የማይነግረው ስም ነው። ከስም በፊት አንድ ገላጭ ብቻ ይበቃል፤ ያም ገላጭ ይህችን ሴት ለዚህ ታሪክ ያጨቻትን ነገር የሚይዝ መሆን አለበት። ከሦስቱ ውስጥ የትኛው ነው ታሪኩን የሚያስነሣው? ሻይ ቤቱ አይደለም፤ መከበሯም አይደለም፤ ደላላነቷ ነው። እህቷን ማሳደጓ «ታናሽ እህቷ» ከሚለው በከፊል ይገመታል፤ የቀረውን ሲኖፕሲሱ ይናገረው።

ሁለተኛው ነገር የማሰሪያው ጉዳይ ነው። አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ በጆሮው የሚቀረው የመጨረሻው ግሥ ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀው «ሕይወቷ ይመሰቃቀላል» ብሎ ነው፤ እዚያ ላይ ሴትዮዋ የምታደርገው ነገር የለም፣ የሚደረግባት ብቻ ነው። ያንን ክቡር ቦታ እሷ ራሷ ለምትፈጽመው ድርጊት ይስጡት። «ትታገላለች»፣ «ትሞክራለች»፣ «ትጋፈጣለች» ብሎ መጨረስም እምብዛም አይረዳም፤ በዐይን የሚታይ ነገር የላቸውምና። «እንዴት?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሱ የሚፈልጉት ግሥ ነው። ደግሞም «የምትልክ» ሲሉ ሴት መሆኗን ግሡ ራሱ ተናግሯል፤ «አንዲት ሴት» ብሎ መጨመር አያስፈልግም።

ስክሪፕት አንባቢ

መምህሩ ባሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። «በሚፈጠር ድንገተኛ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ከጽሑፉ ሁሉ ዋነኛውን ነገር የደበቀ ነው። ምስጢር ሆኖ ጉጉት የሚፈጥር ይመስላል፤ ለእኔ ለአንባቢው ግን ጸሐፊው ሁኔታውን ገና ያልወሰነ ሆኖ ይታየኛል። ጉጉትን የሚወልደው ዝርዝር ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ እጽፋለሁ። እዚህ ስለ ሎግላይን የሚሰጠው የተለመደ ምክር ከ25 እስከ 35 ቃላት ይሁን የሚል ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ አትውሰዱት። የእኛ አንድ ቃል ተውላጠ ስሙን፣ መስተዋድዱንና አሉታውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ 35 ቃል ያለው የአማርኛ ሎግላይን በእንግሊዝኛ ሲነበብ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሊያህል ይችላል። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲነበብ ትንፋሽ ሳያልቅ መጠናቀቁ የተሻለ መለኪያ ነው። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ አማርኛውን አስቀምጣችሁ ታሪኩን በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ንገሩት።

ሰዎች ይህን ያህል ለአንድ ዓረፍተ ነገር መጨነቅ ምን ይጠቅማል ሲሉ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፍራንክሊን ሌናርድ የተባለ የሆሊውድ ባለሙያ «ዘ ብላክ ሊስት» በሚል ስም ገና ፊልም ሆነው ያልተሠሩና በሆሊውድ ባለሙያዎች የተወደዱ ጽሑፎችን ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣል። ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ከርዕሱና ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ የሚያገኘው አጭር የታሪክ መግለጫ ነው። ጽሑፉን ለማስላክ ወይም ለማለፍ የሚወስነው በዚያ ነው። የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎችና የፌስቲቫል ኮሚቴዎችም ቢሆኑ ፋይሉን ከመክፈታቸው በፊት የሚያዩት ይህንኑ ነው።

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ ርዕሱን ላለማደናቀፍ ባጭሩ ልጠይቅ። ሎግላይንን በግልጽ መጻፍ ሐሳብን ለሌባ ማቅረብ አይሆንም? አንድ ፕሮዲዩሰር ሎግላይኔን አንብቦ ታሪኩን ለሌላ ጸሐፊ ቢሰጠው ምን መከላከያ አለኝ? እኔ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሁልጊዜ ግማሹን ደብቄ ነው የምልከው።

ስክሪፕት አንባቢ

ጥያቄዎ ከርዕሱ አልወጣም፤ ብዙ ደካማ ሎግላይን የሚወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ብቻውን አይደለም። ይህም ማለት ከሎግላይን ውስጥ ግማሹን መደበቅ ሕጋዊ ጥበቃ አይጨምርልዎትም፤ የሚጠብቅዎት የተጠናቀቀው ጽሑፍና የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን መጀመሪያ ይጨርሱ፣ በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ያስመዝግቡ፣ የላኩበትን ኢሜይል ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሎግላይኑን ሳይፈሩ ሙሉ አድርገው ይጻፉ። ለማን እንደሚልኩ መምረጥ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ለመረጡት ሰው ግን የማይገባውን ጽሑፍ መላክ ሁለታችሁንም አይጠቅምም።

ዝምተኛ ካሜራ

በዚህ ክር ላይ ከተነገረው በአብዛኛው አልስማማም፤ ምክንያቴን ልግለጽ። «ማን ናት፣ ምን ትፈልጋለች፣ ማን ይከለክላታል» የሚለው ቀመር ለአንድ ዓይነት ፊልም ብቻ የተሠራ ነው። የአንድን መንደር የዕለት ውሎ፣ የአንድን አዛውንት ዝምታ፣ የመሬትንና የወቅትን ለውጥ የሚያሳይ ፊልም በዚህ ቀመር ቢለካ ባዶ ይመስላል። አገራችን በንግግርና በጥድፊያ የተሞሉ ፊልሞች ሳያንሷት በዝግታ የሚያዩትን ጸሐፊዎች ገና ከበሩ ላይ «ግጭትህ የት አለ?» እያልን ብንመልሳቸው ሲኒማችን ይደኸያል። ሎግላይን የመጣው ፊልም በፍጥነት ከሚሸጥበት ገበያ ነው፤ ኪነ ጥበቡን በገበያው ልክ እንድንቆርጥ ሊያደርገን አይገባም።

ጥቁር ሰሌዳ

ሥጋትዎ የሚከበር ነው፤ ይሁን እንጂ ዝግታና ግልጽነት የሚጣሉ አይመስለኝም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ጥድፊያ የሌለበት፣ ተራራውንና ፊትን በትዕግሥት የሚያይ ፊልም ነው። ታሪኩ ግን በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ እናቱ በድርቅ የሞተችበት ልጅ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከሚወዳት በግ ጋር ዘመድ ቤት ይቀራል፤ አጎቱ በጓ ለመጪው በዓል ትታረድ ሲለው ልጁ እሷን ለማዳንና ወደ አገሩ ለመመለስ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ይህ መግለጫ ከፊልሙ ዝግታ ምን ቀነሰበት? ስሜቱን፣ ብርሃኑን፣ ዝምታውን የሚሸከምለት የዳይሬክተሩ ማብራሪያ ነው፤ ማመልከቻው ለእሱ የተለየ ቦታ አለው።

ዝምተኛ ካሜራ

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያ ፊልም ግልጽ ፍላጎት ያለው ልጅ አለው። እኔ የምናገረው እንዲህ ያለ ፍላጎት ስለሌላቸው ፊልሞች ነው። ለእነዚህ የሚሻለው ሁኔታውንና ሁኔታው በሰዎቹ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና መጻፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ «አንድ መንደር በግድብ ውኃ ከመዋጡ በፊት ባለው የመጨረሻ ክረምት ውስጥ የቀሩ ሦስት ቤተሰቦች» ቢባል ማንም ምንም «ለማድረግ አልተነሣም»፤ ሆኖም ጊዜው እያለቀ መሆኑ ይሰማል። ይህም እንደ ሎግላይን ሊቆጠር ይገባዋል።

ስክሪፕት አንባቢ

ይቆጠራል፤ እንዲያውም እንዲህ ተጽፎ ቢደርሰኝ ጽሑፉን እከፍተዋለሁ። ቦታው፣ ሰዎቹና የጊዜው ገደብ ተለይተዋልና። ወደ «የሐይቅ ልጅ» ጽሑፍ ስንመለስ ግን የእሷ ታሪክ ከዚህ ዓይነቱ አይደለም፤ ደላላዋ አንድ ነገር ማድረግ አለባት። እህቴ፣ እህቷ ከጠፋች በኋላ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በትክክል ምን ታደርጋለች?

የሐይቅ ልጅ

መጀመሪያ በስልክ ታፈላልጋለች፤ የምታውቃቸውን አሻጋሪዎች ትለምናለች፤ ተቀናቃኟን ታስፈራራለች፤ ለፖሊስ እንዳትናገር ራሷም ወንጀለኛ ናት። በኋላ ምርጫ ስታጣ ማንነቷን ደብቃ፣ እንደ ማንኛዋም ተጓዥ ሆና ከስደተኞች ጋር በባቲ ቁልቁል ወርዳ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ወደ ኦቦክ ታቀናለች። ይህን መንገድ ሌሎችን ስትልክበት ኖራለች እንጂ ራሷ ረግጣው አታውቅም። አብረዋት ከሚጓዙት መካከል እህቱ በዚህችው ደላላ እጅ ተልካ የሞተችበት ወጣት አለ፤ ደላላዋን በስም እንጂ በመልክ አያውቃትም።

ብርሃን ያሲን

ይህን ሁሉ እስካሁን ለምን ደበቁብን! ደላላዋ በራሷ መንገድ ላይ፣ ከራሷ ተበዳይ ጎን። ፊልሙ ይህ ነው።

ስክሪፕት አንባቢ

በትክክል። ልዩ የሚያደርገው ነገር የሴትዮዋ ማንነትና የደረሰባት ነገር መቃረናቸው ነው። ማንኛዋም እህት የጠፋች እህቷን ፍለጋ ብትሄድ ያሳዝናል፤ መንገዱን ለሌሎች የሸጠችው ሴት ስትሄድበት ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሷ ሥራ ነው። ሎግላይኑ ይህን ተቃርኖ ካልያዘ ምንም ቢያምር ጎዶሎ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እባክዎ በጥሞና ይመልሱልኝ። ጉዞው የሚጀምረው በስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

የሐይቅ ልጅ

ጽሑፉ 112 ገጽ ነው። ከደሴ የምትነሣው ገጽ 61 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የሻይ ቤቱ ሕይወት፣ የስልክ ፍለጋውና ከተቀናቃኟ ጋር ያለው ጠብ ነው። ወጣቱ የሚገባው ገጽ 70 አካባቢ ነው።

ስክሪፕት አንባቢ

እንግዲህ ሎግላይኑ ለምን እንዳስቸገረዎት መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አንባቢ ሎግላይኑን አንብቦ የሚጠብቀው ጉዞውን ነው፤ ጽሑፉ ግን ከግማሽ በላይ ደሴ ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ሁለት ሎግላይን እየታገሉብዎት ነው፦ አንዱ በከተማው ደላሎች መካከል ስላለ ጠብ፣ ሌላው በበረሃ ስለሚደረግ ጉዞ። ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመያዝ ሲሞክሩ «ድንገተኛ ሁኔታ» እና «ይመሰቃቀላል» የሚሉ ሰፊ ቃላት ውስጥ ይገባሉ።

ምርጫው የእርስዎ ነው። ፊልሙ ጉዞው ከሆነ ገጽ 61 ላይ ያለው መነሣት ወደ ገጽ 25 ወይም 30 መምጣት ይኖርበታል፤ ከሻይ ቤቱ ሕይወት ሥራዋን፣ ከእህቷ ጋር ያላትን ግንኙነትና ለፖሊስ መናገር የማትችልበትን ምክንያት የሚያሳዩትን ትዕይንቶች ብቻ ያስቀሩ። የደላሎቹን ጠብ ከመረጡ ደግሞ ጉዞውን ይተዉትና ለሌላ ጽሑፍ ያቆዩት። እኔ ብሆን ጉዞውን እመርጣለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ

ሎግላይን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ መጠሪያ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የምፈልገውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ገና አንድ ትዕይንት ሳይጽፉ ሎግላይኑን ይጽፉና በየጊዜው እያዩ ይሠራሉ፤ አንዳንዶች ረቂቁን ጨርሰው ይመለሱበታል። በሁለቱም መንገድ ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ሲል ቃላት ከመለዋወጥ በፊት ወደ ትዕይንቶቹ ዝርዝር ሄዶ ማየት ያዋጣል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ዘመኑም ልናገር። እገዳው በተጣለበት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማባረር ጀምራ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ሰው በአውሮፕላን እየተመለሰ ሌላው በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ መሆኑ ለታሪኩ ትልቅ ኃይል ይሰጠዋል። ሆኖም ይህ ሁሉ ሎግላይን ውስጥ አይገባም። «የሥራ ጉዞ በታገደበት ወቅት» የሚሉት አራት ቃላት የደላላዋን ሥራ ሕገወጥነት፣ ለፖሊስ አለመናገሯንና የመንገዱን አደገኛነት በአንድ ጊዜ ያስረዳሉ። «ኦቦክ» የሚለውን ስም ግን ለውጭ አገር ዳኞች ሲሆን «የጅቡቲ ጠረፍ» ቢሉት ይሻላል፤ ደሴን ይተዉት፤ የማያውቃትም ቢሆን የከተማ ስም መሆኑን ከአገባቡ ይረዳል።

የሐይቅ ልጅ

ጉዞውን መርጫለሁ። የትዕይንቶቹን ዝርዝር እንደገና አዘጋጅቼ መነሣቷን ወደ ገጽ 28 አምጥቻለሁ፤ ከተቀናቃኟ ጋር ያለው ጠብ ወደ አንድ ትዕይንት ተሰብስቧል። ወጣቱ አሁን የሚገባው ገጽ 35 ላይ ነው። ሎግላይኑ እንዲህ ሆነ፦

«የሥራ ጉዞ በታገደበት ወቅት ወጣት ሴቶችን በድብቅ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የምትልክ የደሴ ደላላ፣ ታናሽ እህቷ የጅቡቲ ጠረፍ ላይ ስትጠፋ፣ ማንነቷን ደብቃ ሌሎችን በሸኘችበት በረሃ ከስደተኞች ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በጉዞው የሚጠብቃትና የሚደግፋት ወጣት ግን እህቱን ለሞት የዳረገችበትን ደላላ ለመበቀል የሚፈልግ ነው።»

ጥያቄዬ ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። የወጣቱን ማንነት አስቀድሞ መናገር ታሪኩን ያበላሽ ይሆን?

ዝምተኛ ካሜራ

በዚህ ታሪክ ላይ ቀመሩ እንደሠራ ለመናገር እወዳለሁ። «ፍለጋ ትወጣለች» የሚለው ማሰሪያ ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋ ስትራመድ ይታየኛል።

ስክሪፕት አንባቢ

ስለ ወጣቱ የምመክረው ተመልካቹ መቼ ያውቃል የሚለውን እንዲያስቡ ነው። ወጣቱ የሟቿ ወንድም መሆኑን ተመልካቹም ደላላዋም በገጽ 35 ወይም 40 የሚያውቁ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ «ያውቅባት ይሆን?» በሚለው ጭንቀት ይንቀሳቀሳል። ያኔ ምስጢር ሳይሆን የታሪኩ ሞተር ነውና በሎግላይኑ ውስጥ መግባት አለበት። በገጽ 95 ላይ የሚገለጥ ከሆነ ግን ለሲኖፕሲሱ ይተዉት። ሲኖፕሲስ መጨረሻውን ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ ሎግላይን ደግሞ ጥያቄውን አቅርቦ መልሱ ላይ ሳይደርስ ያቆማል። እህቷን ታገኛት ወይም አታገኛት ብለው አለመጻፍዎ ትክክል ነው።

አንዲት ትንሽ ማስተካከያ፦ «የሚጠብቃትና የሚደግፋት» ከሚለው አንዱን ያስቀሩ። «የሚጠብቃት» ይበቃል፤ ጠባቂዋ በቀለኛዋ መሆኑ በአንድ ቃል ይሰማል። «ለሞት የዳረገችበትን ደላላ ለመበቀል የሚፈልግ» የሚለውም ትንሽ ይጎትታል፤ «እህቱን ለሞት የላከችበትን ደላላ እያደነ ነው» ቢሉት የግሡ ጉልበት ይጨምራል።

የሐይቅ ልጅ

ተቀብያለሁ። ደላላዋ በገጽ 40 ታውቃለች፤ እሱ አያውቅም። ስለዚህ ይቀራል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «በጉዞው የሚጠብቃት ወጣት ግን እህቱን ለሞት የላከችበትን ደላላ እያደነ ነው» ሆኖ ይሄዳል። ጊዜያችሁን ስለ ሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዲስ አባል

ከእሷ ጉዳይ ብዙ ተምሬአለሁ። እኔ የምጽፈው የፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ለኮሜዲም ይህ ሁሉ ይሠራል? ወይስ ቀልዱን መጻፍ ይኖርብኛል?

ብርሃን ያሲን

ቀልዱን አይጻፉ፤ ቀልዱ የሚወለድበትን ሁኔታ ይጻፉ። አሁን ለምሳሌ ያሰብኩትን ላስቀምጥ፦ «ወላጆች አሉኝ ብሎ ለእጮኛው ቤተሰብ የዋሸ ሙሽራ ለሠርጉ አባትና እናት የሚሆኑለትን ሁለት ሰዎች ይከራያል፤ የተከራያቸው ሰዎች ግን የንብረት ክርክራቸው ገና በፍርድ ቤት ያላለቀ የተፋቱ ባልና ሚስት ናቸው።» አስቂኝ ነው ብዬ አልጻፍኩም፤ የሽምግልናው ቀን፣ የመልሱ ቀን፣ የፎቶው ሰዓት ግን ወዲያውኑ ይታያል። አንባቢው ትዕይንቶቹን በራሱ ማሰብ ከጀመረ ሎግላይኑ ሠርቷል።

ማዕዶት

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የሚጻፈውስ ይለያል? የእኔ ታሪክ በአንድ ምዕራፍ የሚያልቅ አይደለም፤ ጣቢያው ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጪ ብሎኛል።

ስክሪፕት አንባቢ

ይለያል። የፊልም ሎግላይን አንድ ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ የሚመለስ ጥያቄ ይይዛል። የተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ የሚያመነጨውን ሁኔታ መያዝ አለበት፦ ቦታው የት ነው፣ ሰዎቹን እዚያ ምን ያስራቸዋል፣ እርስ በርስ የማይታረቀው ፍላጎታቸው ምንድን ነው። የጣቢያው ሰው የሚያሳስበው ሠላሳኛው ክፍል ላይ የሚነገር ታሪክ ይኖር እንደሆነ ነው። «አንድ ወጣት የአባቱን ገዳይ ይፈልጋል» ቢባል ገዳዩ ሲገኝ ያልቃል፤ «የአባታቸውን የመርካቶ ሱቅ በጋራ የወረሱና ለመሸጥም ለመከፋፈልም ፍርድ ቤት ያገደባቸው ከሦስት እናቶች የተወለዱ አራት ልጆች» ቢባል ግን ሱቁ በተከፈተ ቁጥር ጠብ አለ። እርስዎም ሰዎችዎን ምን እንደሚያስራቸው እዚህ ይጻፉልን፤ ከዚያ እንቀጥላለን።